ለእኔ የተፈታው መከለያ

የሥራ ቦታ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቢሮዬ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ግን ከወፍጮ ቤት እንጨት መሰንጠቂያ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ብሎኬት ማምረቻ እየዞሩ ማየት ነው። መመሪያው ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ መግባት ይችላል ይላል። እኔ ባደግሁበት አገር ግን ሽማግሌ ቤት ሳይናገሩ ዘው ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ደወልኩ። ያቺ ስልክ እስከ ዛሬ ታባንነኛለች።

ወፍጮው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ በናፍጣ ይሠራል። ባለቤቱ ከሚስታቸው ጋር አገውኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ የሚያወሩ፣ ሰባን የተሻገሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ረጅም ቺንጋ ምንም ሳይከለል ይሽከረከር ነበር። እህል ያመጡ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በአጠገቡ ያልፋሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መከለያ እንዲያሠሩለት፣ አለዚያ ወፍጮው እንደሚታሸግ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«እሺ ልጄ፣ እናሠራለን» አሉኝ፤ ቅር ያላቸውም አይመስሉ።

ቀኑ ሲደርስ፣ በዋዜማው ስልክ ደውዬ «ነገ እመጣለሁ አባባ» አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ ምሳ ሳትበይ ንቅንቅ አትዪም» አሉ። ደስ አለኝ። ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ስደርስ መከለያው በር ላይ ቆሟል። ከብረትና ከወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ተወልውሎ ግድግዳ የተደገፈ። ለካስ አሠርተው ገጥመውት ከርሟል፤ እንግዳዋ በደንብ ትየው ብለው ጠዋት ፈትተው አውጥተውታል። ወፍጮውን ግን አላቆሙትም፤ ከሩቅ የመጣ ወረፈኛ ነበር። ሞተሩ ያጓራል።

ዘልቄ ገባሁ። ሰውዬው ከቺንጋው አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የደብሩ ንግሥ ካልሆነ የማይወጣውን አዲሱን ጋቢ ለብሰዋል፤ ይህም ለእኔ ነው። ሲያዩኝ ከንፈራቸው «ኖር!» ሲል አየሁ። ብድግ አሉ፤ ወገባቸውን ሰብረው እጅ ነሱ።

«በእግዜር! አይነሱ! አይነሱ!» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ጩኸቴን ዋጠው። የጋቢው ጫፍ ወደ ቺንጋው ሄደ።

ናፍጣው በየት በኩል እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ለሌላው የማስተምረው እኔ ነኝ። እግሬ ግን አልነቃነቅ አለኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሮጠው የዘጉት ሚስትዮዋ ናቸው። ሞተር ደግሞ ዘጉት ተብሎ ወዲያው አይቆምም። ቺንጋው የያዘው ጋቢ ሰውዬውን በጉልበታቸው አስኬዳቸው፣ በክንዳቸው ጎተታቸው፣ ቺንጋው ጋ ሊደርሱ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀር ከትከሻቸው ሾልኮ ብቻውን ገባ። ለእንግዳ ብለው ለቀቅ አድርገው ባይደርቡትና እንደ ብርድ ቀን አንገታቸው ላይ ቢጠመጥሙት ኖሮ የሚሆነውን ዛሬም አስበዋለሁ።

ሞተሩ ቆመ። ዱቄቱ ቀስ እያለ በላያችን ወረደ። ክንዳቸው ተልጦ ይደማል።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ አስደነገጥኩሽ» አሉ ከወደቁበት። ቀጥለውም «መከለያውን አየሽው? ከደጅ አለ።»

ሚስትዮዋ ክንዳቸውን አጥበው እስኪያስሩላቸው ቅጹን አወጣሁ። ‹የአደጋው ምክንያት› የሚል መስመር አለው። «ባለቤቱ መከለያውን ፈትተው በማንሳታቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አይደለም። ተቆጣጣሪዋ ቀድማ መደወሏን ግን አልጻፍኩም። እንጀራዬን ፈራሁ።

አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው በደኅናው እጃቸው አውራ ጣት አተሙ። ከዚያ ሊሸኙኝ ጉልበታቸውን ይዘው መነሳት ጀመሩ። ቺንጋው ቆሟል፤ ማንንም አይይዝም። እኔ ግን «አይነሱ!» ብዬ አንባረቅሁ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

እሳቸው ግን ተነሱ። እስከ በሩ ሸኝተው መረቁኝ።