የሐጂ ኢድሪስ ሥጋ

አሶሳ የምግብ መመርመሪያ ላብራቶሪ ሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተረከብኩት የአህያ ሥጋ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ሰናይት «ለማመሳከሪያ ነው፤ የአህያን ዲኤንኤ ሳታውቂ አህያን ከበሬ አትለዪም» አሉኝ። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ በሆዴ «በስመ አብ!» እያልኩ በጓንት ያዝኩት።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ሉካንዳ ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ የአህያ ሥጋ ይሸጣል ተብሎ ተወራ። ሱቁ ታሸገ። ሥጋው ወደኔ ተላከ፤ ሐጂም ባጃጅ ይዘው ተከትለው መጡ።

«ወላሂ እኔ ሀላል ነው የምሸጥ። ልጄ፣ ማሽኑ ቢስሚላህ ማለቴን ያያል?»

«እሱን አያይም፣ ሐጂ። የምን እንስሳ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያየው።»

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ የአህያ ዲኤንኤ መኖሩን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ወጣ። ወዲያው የወረዳው ባለሙያ ደወለ።

«ወጣ ወይ? ሕዝቡ ሱቁ ደጅ ቆሟል፤ ድንጋይ የያዘም አለ።»

«አህ...» ብዬ ቆምኩ። ከናሙናዎቹ ጋር ሁሌ ውኃ ብቻ ያለበት ቲዩብ ይገባል፤ እሱ ላይ ምንም መታየት የለበትም። የውኃውም መስመር ወጥቷል! ውኃ አህያ ሆነ!

ጠዋት የአህያውን ማመሳከሪያ ቆርጬ ጓንቴን ስቀይር ምላጩን አልቀየርኩም፤ ብጣሹ ጠረጴዛውንና ቲዩቦቹን ሁሉ ነክቷል። ጉድ ሠራሁ!

«ውጤት የለም» አልኩት። «ስህተቱ የላብራቶሪው ነው በላቸው።»

ከሥራ እባረራለሁ ብዬ እየፈራሁ ለዶክተር ነገርኳቸው። አልጮሁም። «ጠረጴዛውን በበረኪና እጠቢ። ሁሉንም በአዲስ ጀምሪ» አሉ። ያን ያህል ፈርቼ የቆረጥኩት ሥጋ የለም።

በማግስቱ ሥጋው የበሬ ብቻ ሆነ። ውኃውም ንጹሕ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ውጤቱን ሊሰሙ የመጡት ሐጂ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አላስችል አለኝና የትናንቱን አወጣሁት።

«ትናንት አህያ ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐጂ፤ ይቅር በሉኝ።»

«ትናንት ከዚህ እንደወጣሁ ልጆቼን ወደ ባምባሲ ከተማ ሰደድኩ» አሉኝ። «እኔ ግን ቤቴ ቀረሁ። ሸሸ ቢሉ ወሬው እውነት ይሆናል ብዬ።» እንባዬ መጣ።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ውኃውን አንብቡ። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ስልክ አታንሡ።