አማት ሆኜ ከመርሳ ሲሪንቃ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ውስጥ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። የወፍጮው ድምፅ እግሬ ድረስ ይነዝራል። ትኩስ ዱቄት ይሸታል፤ ከውስጥ የሚወጣው ብናኝ በጠዋት ፀሐይ እየታየ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እህል የምታስፈጭ አንዲት ሴት አየችኝና ሳቀች። «ውይ አንቺ ልጅ፣ ሸበትሽ እኮ!» አለችኝ። ከሻሼ ያመለጠውን ፀጉሬን ነካሁት።

ከዚያ በፊት ፀጉሬን ዱቄት የነካው በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ መርሳ። ያን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የቴአትር ትምህርት እንማር ነበር። የሚያስተምሩን ሰው በወጣትነታቸው ከኪነት ቡድን ጋር አገር የዞሩ፣ ኋላ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር።

እኔ የሄድኩት ጓደኛዬ ጎትታኝ ነው። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለራሴ ነበር። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ አፍርበታለሁ። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሰሙትና ፊታቸው በራ። «አማቷ ተገኘች!» አሉ። የምንለማመደው ቴአትር የአንዲት ሙሽራና የአማቷ ጠብ ነበር። ሙሽራዋን ጓደኛዬ ወሰደች፤ አሮጊቷን የፈለገ ሰው አልነበረም።

ሁለት ቅዳሜ ጎብጬና ተንቀጥቅጬ ስተውን አዩኝ። «ይቺ ለማሳቅ የተሠራች አሮጊት ናት» አሉኝ በመጨረሻ። «ሂጂ ተመልከቺ። ምኗን እንደሚያማት እወቂ።»

ሄጄ ማንጎ የሚሸጡ አሮጊት ጎረቤታችንን ተመለከትኩ። ሊነሱ ሲሉ መጀመሪያ እጃቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ከተነሱም በኋላ ወዲያው አይራመዱም፤ ጉልበታቸው እስኪፈቅድ ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ሠራሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጮክ ብዬ ሰላም አልኩ።

«ቃል ከጠፋችሁ ዝም እንዳትሉ» ይሉን ነበር ጋሼ። «የያዛችሁትን ሰው ጠይቁት፤ እሱ የሚለውን አያጣም።»

ለመድረክ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ጦርነቱ መጣ።

ክረምት ነበር። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። አባቴ ለንግድ ኮምቦልቻ እንደወረደ መንገዱ ተቆረጠበት። የጓደኛዬ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ወደ ደሴ ሸሸ። ስለ ልጃገረዶች የሚወራው ወሬ ከቤት ቤት በሹክሹክታ ይዞር ጀመር። እናቴ ሲሪንቃ ገጠር ወዳለችው አክስቴ ልትወስደኝ ቆረጠች። መንገዱ ላይ ግን ኬላ ነበር።

ጋሼ በጠዋት መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እናቴ ከዱቄት ዕቃው ሥር የቀረውን እፍኝ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ያን ሰሞን እፍኝ ዱቄት የአንድ ሰው ራት ነበር። ቁንጥር ወስደው ፀጉሬ ላይ ነሰነሱና የቀረውን መለሱላት።

«መድረክ ላይ የምትታዪው ከሩቅ ነው» አሉኝ። «እነዚህ ፊትሽ ቆመው ነው የሚያዩሽ። ትንሽ ይበቃል።»

አመድ በዘይት ለውሰው ከአፌ ዙሪያ ቀቡኝ። እጄን አገላብጠው አዩት፤ «ይሄ ያሳብቅብሻል» ብለው እንደቆሰለ ሰው እጅ በጨርቅ ጠቀለሉትና ምርኩዝ አስያዙኝ። ወደ እናቴም ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምራት ነሽ። አንቱ ማለትሽን እንዳትረሺ።»

«እሺ ጋሼ፣ ኢንሻአላህ» አለች።

«አብሽሪ» አሉኝ እኔን። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ግን አብሽሪ የማይል የለም።

መንገዱ ጭር ብሏል። ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ኬላው ላይ ሦስት ታጣቂዎች ነበሩ። አንደኛው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «እሷ ማናት?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«አማቴ ናቸው። ታመው ነው።»

ተቀመጡ ተባልን። ፌስታላችንን በርብረው ሲያበቁ እለፉ አሉን። እናቴ ክንዴን ያዘችና «ነይ ልጄ፣ ተነሺ» አለችኝ።

ወጣቱ ዘወር ብሎ አየን።

እኔ መሬቱን አየሁ፤ እጄን የማሳርፍበትን ቦታ ፈለግሁ። «ማንን ነው ነይ የምትዪው?» አልኩ። «ልጄ ከሞተ ገና ወር ሳይሞላው፣ ነይ ተነሺ! ደግሞ እኔን ልጄ ትለኛለች! ያ ረቢ፣ ይሄን ከምሰማ ምነው ቀድመህ በወሰድከኝ!»

እናቴ እግሬ ላይ ወደቀች። «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ትላለች፤ እንባዋ የእውነት ነበር።

ወጣቱ ሳቀ። «የኔም አያት እንዲህ ናት» አለና የወደቀውን ምርኩዜን አንስቶ አቀበለኝ። «ይሂዱ እማማ።»

ምን ተሰማሽ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ጉልበቴ እስኪፈቅድ ጠብቄ ተራመድኩ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ማሽላው ታጭዶ አልቆ፣ መርሳ ተመለስን። አዳራሹ በር የለውም፤ አግዳሚዎቹ ማገዶ ሆነዋል። ጓደኛዬ ከደሴም አልፋ ሄዳ አልተመለሰችም። ቴአትሩ ሳይታይ ቀረ። ጋሼ የግፊት መድኃኒታቸው አልቆባቸው እንደሞቱ፣ ቀባሪያቸውም ጥቂት ሰው እንደነበር ጎረቤት ነገረን። አመድና ዘይት ይዘው ከእኛ በፊት ሦስት ቤት፣ ከእኛም በኋላ ብዙ ቤት መግባታቸውን የሰማነው ያኔ ነው።

እናቴ መቃብራቸውን ካላየሁ አለች። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ አመነታች፤ ዘበኛው አይቶን «ግቡ፣ ግቡ» አለ። ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ፊቷን ጠርጋ ስትጨርስ የኬላውን ነገር ከመጀመሪያው ትነግራቸው ጀመር። በዕድሜዋ ቴአትር አይታ አታውቅም፤ ግን የወጣቱን ድምፅ በአንድ፣ የእኔን በሌላ አወጣችው። ታጣቂዎቹን አምስት አደረገቻቸው። እኔ ያላልኩትን ጨመረች፣ እሷ የተሳሳተችውን ዘለለችው። ላርማት አፌን ከፈትኩ። ተውኩትና አጠገቧ ተቀምጬ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።