ወፍጮው እስኪቆም

የዘሩ አባት አንድ በሬ ነበራቸው፤ ጎረቤታቸውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአንደኛውን፣ በማግስቱ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። አንዱ በሬ የታመመ ለታ የሌላው ጤና ለማንም አይፈይድም፤ ቆሞ ገለባ ይበላል። ዘሩ ይህን እያየ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ግን የተቀናጁት ሁለተኛ በሬ አጥተው ነው። እሱ አድጎ፣ ቡሬ ከተማ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከፍቶ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ሲያቀናጅ ማንም አላስገደደውም። ይፈጥናል ስለተባለ ነው።

ባለሙያዎች ይህን አሠራር ሬይድ ይሉታል። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ሠርግ እየቆራረጠ ግማሹን ባንዱ፣ ግማሹን በሌላው ዲስክ ላይ ያኖራል። ሁለቱ አብረው ሲሮጡ ሥራው ይቀላጠፋል። አንዱ የጠፋ እንደሆነ ግን በሌላው ላይ የሚቀረው ግማሽ ሠርግ አይደለም፤ ባዶ ነው። አንዱ ዲስክ የሌላውን ግልባጭ የሚይዝበት ሌላ ዓይነት ሬይድም አለ። ዘሩ ያንንም ያውቅ ነበር፤ ቦታ ይፈጃል ብሎ ተወው።

ሙያውን የጀመረው በራዲዮ ነው። በ1983 ዓ.ም. የሚሸሽ ወታደር መንገድ ላይ የጣለው ራዲዮ አባቱ ቤት ገባ፤ አይሠራም ነበር። ዘሩ ፈታታው፣ ገጠመው። አሁንም አልሠራም፤ ሁለት ትርፍ ብሎን ግን ተገኘ። ሙያው ከዚያ ቀጠለ። ከራዲዮ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ካሜራ፣ ከካሜራ ወደ ቪዲዮ ተሻገረ። በዚህ መካከል አግብቶ ፈትቷል። የሰው ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነውና የራሱን የቀረጸለት አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ። የፎቶ ቤቱ አንዱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው ማዶ የሃይለ ሚካኤል ወፍጮ አለ። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ይነሣል፣ መብራት እስኪሄድ አያርፍም፤ በእኩለ ሌሊት ቢመጣም በእኩለ ሌሊት ይነሣል። ወፍጮው በተነሣ ቁጥር፣ ከዚያም አዲስ ኩንታል በተገለበጠ ቁጥር፣ የዘሩ አምፖል ይደበዝዛል፣ ስክሪኑ ይርገበገባል፣ ከሁለቱ ዲስኮችም አንዱ ከቀንበሩ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ አንድ ዲስክ መጉደሉን ያስታውቃል፤ ሌላ አስተያየት የለውም። ዘሩ ያጠፋዋል፣ ይጠብቃል፣ ያበራዋል። ጥር መጀመሪያ ላይ የጎደለው ዲስክ ባንድ ማብራት ይመለስ ነበር። የካቲት ሲገባ ሦስት አራት ጊዜ ያስለምን ጀመር።

ዲስኮቹ ላይ ያሉት ጾም ሳይገባ የተሠረጉት ሠርጎች ሁሉ ናቸው። ካሴት ውድ ስለነበር ዘሩ አንዱን ሠርግ ወደ ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ይቀርጽበታል። ስለዚህ የማንም ሠርግ ከነዚያ ዲስኮች በቀር የትም አልነበረም።

ከነዚያ አንዱ የውዳሴ ነው። ውዳሴ የእታለምና የባለቤታቸው የአያ ወልደ ሥላሴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ተድራ ነቀምት ሄዳለች። እሷ ከሄደች ወዲህ አያ ወልደ ሥላሴ ልባቸው ታመመ፣ እግራቸው አበጠ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች። ለፋሲካ መድረሳቸውን ግን ጤና ጣቢያውም አላረጋገጠም።

እታለም በየገበያው ቀን ብቅ ይላሉ።

«ዘሩ፣ ደረሰ?»

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እትዬ።»

«ባለፈውም ትንሽ ነበር የቀረው። እያደር ያድጋል እንዴ?»

«ማሽኑ ታሞብኝ ነው።»

«እኛም ቤት በሽተኛ አለ። የቱ እንደሚቀድም እንጃ።»

«አያ ሠርጉ ላይ ነበሩ እኮ፣ እትዬ። ምን ሊያዩ ፈልገው ነው?»

«ነበሩማ። ልጅቱ መኪና ላይ ስትወጣ ግን ጓሮ ነበሩ፤ ጥጃ ተፈታ ብለው። የተፈታ ጥጃ አልነበረም። ይኸው አሁን፣ ስትሄድ ሳላያት እያሉ ሌት ተቀን ይነዘንዙኛል።»

ዘሩ ያን ዕለት ፍኖተ ሰላም ወዳለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ፣ ወደ ሙሐመድአሚን ደወለ።

«ገልብጠህ አስቀምጥ አላልሁህም?»

«በምን ላይ ልገልብጥ? ትልቅ ዲስክ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ፤ አልመጣም። ደግሞ ረጅም ፋይል ስገለብጥ ነው የሚወጣብኝ።»

«እንግዲያ የታመመው ዲስኩ አይደለም፣ ዲስኮቹ የሚሰኩበት ማዘርቦርዱ ነው። ፋብሪካው ራሱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። መጀመሪያ ባዮሱን ታድሳለህ፤ ማዘርቦርዱ ሲነሣ የሚያነበው ፕሮግራም ማለት ነው፣ የሬይዱም ክፍል እዚያው ውስጥ አለ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩን፤ ዊንዶውስን ከሬይዱ ጋራ የሚያግባባው ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ። ባዮሱ ሲታደስ ሁሉን ነገር ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመልስብሃል፤ ሬይድ የሚለውን በእጅህ መልሰህ ሳታበራ ዊንዶውስን እንዳታስነሣ። ዲስኩን ላዘጋጅልህ ወይ ብሎ ከጠየቀህ እንቢ በል፤ ማዘጋጀት የሚለው መደምሰስን ነው። በትሕትና ነው የሚጠይቅህ፤ እንዳትታለል።»

«ባዮሱ እየተጻፈ መብራት ቢወርድስ?»

«ያን ጊዜ ደውልልኝ፤ ለቅሶ እመጣለሁ።»

የቡሬ ኢንተርኔት ፋይሎቹን ግማሽ መንገድ እያደረሰ ስለሚጥላቸው ዘሩ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄዶ በፍላሽ አመጣቸው። የቀረው አሥር ደቂቃ የማይርገበገብ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝለት ባትሪ ነበረው፤ መያዙን ትቶ መጮህ ብቻ ቀርቶታል። ኮምፒዩተሩን በባጃጅ ጭኖ ሌላ ሰፈር ሊወስደው አሰበ፤ የቡሬን መንገድና ዲስኮቹን አንድ ላይ ሲያስባቸው ተወው። ወደ ሃይለ ሚካኤል ገባ።

«አሥር ደቂቃ አቁምልኝ።»

«ምን ሆነህ?»

«የኮምፒዩተሬን ባዮስ ላድስ ነው።»

«አድሳ። እኔ ያዝሁህ?»

«ወፍጮህ ነው የያዘኝ።»

ሃይለ ሚካኤል ዱቄት የለበሰ ክንዱን ወደ ሰልፉ ዘረጋ። «እነዚህን እያቸው። በጨለማ ተነሥተው ነው የመጡ። መብራቱ ማታ ይሄዳል። ባዮስ ምን እንደሆነ ለእነሱ አስረዳልኝና አቆማለሁ።»

ዘሩ ወደ ሰልፉ ዞረ። ከፊት የቆመችው ሴት ማዳበሪያዋን እንደታቀፈች ዓይኑን አየችው። ዘሩ ፊቱን ወደ ሃይለ ሚካኤል መለሰ።

«ስማ፣ እኔ ይህን ወፍጮ የማቆመው ለሬሳ ብቻ ነው» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ሬሳ ፊት ወፍጮ አይጮህም። ኮምፒዩተርህ የሞተ ለታ ተሸክመኸው በዚህ እለፍ፤ ኮፍያዬን አውልቄ እቆምለታለሁ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። ለቀስተኛ ሲመጣ ሃይለ ሚካኤል ወፍጮውን አጥፍቶ ይወጣል፤ የመጨረሻው ሰው ከመታጠፊያው እስኪሰወር አይገባም።

ዘሩ ፍላሹን ሰክቶ መጠበቅ ያዘ። ምን እንደሚጠብቅ ለራሱም በግልጽ አላለም። ይሁን እንጂ የሰውን ጤና አጥብቆ ይጠይቅ ጀመር። የሚያስል ሽማግሌ ሲያገኝ «መቼ ጀመረዎት?» ይላል። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በደጁ ሲያልፍ ከወንበሩ ይነሣል፤ ሰውየው ገበያ መሄዱ ነው። በዚያ ሰሞን ቡሬ ውስጥ ሰው አልሞት አለ። አንድ ሰው ሞቶ ነበር፤ የመብራት ተራ ባልሆነ ቀን።

ከሚያውቃቸው ሁሉ ለሞት የቀረቡት አያ ወልደ ሥላሴ መሆናቸውን ያስተዋለው ይኼኔ ነው። ቪዲዮውን ሳያዩ መሞት የማይፈልጉትም እሳቸው ናቸው። ይህን ሐሳብ ይዞ መቀመጥ አልቻለም፤ ተነሥቶ ሊጠይቃቸው ሄደ።

አያ ወልደ ሥላሴ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈዋል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ ወጥተዋል፤ ከትምህርቱ የቀራቸው ምላሱ ነው።

«ሠርጉን ይዘህ መጣህ?»

«አልያዝሁም፣ አያ።»

«ታዲያ ተዝካሬን ልትቀርጽ ነው? ቸኩለሃል።»

ዘሩ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዲስኮቹን፣ ወፍጮውን፣ አሥሩን ደቂቃ፣ የሃይለ ሚካኤልን ቃል። ሬሳ የሚለው ላይ ሲደርስ ሊዘለው ሞክሮ ነበር፤ ያለዚያ ቃል ግን ነገሩ አልሄድ አለ።

«እና አሁን የምትጠብቅ እኔን ነዋ» አሉ።

«ኧረ በሥላሴ! አንቱን አላልሁም። ማንም ቢሆን…»

«ማንምማ አልሞት አለህ።» ከትራሱ ቀና አሉ። «ሐሙስ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ። ሐሙስ መብራት አለ?»

«አለ።»

«ባጃጁ ይቅር። በቃሬዛ ይውሰዱኝ፣ በወፍጮው ደጃፍ።»

እታለም ከጓዳ ብቅ አሉ። «አንቱ! በሕይወት ያለ ሰው እንደ ሬሳ? ሟርት ነው!»

«ማን እንደ ሬሳ አለ? እንደ በሽተኛ ነው። ብርድ ስላለ ፊቴን ትሸፍኑኛላችሁ። ያየ ሰው የመሰለውን ቢያስብ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«እግዜር ይታዘባል።»

«እሱማ ምን ላይ እንደምሄድ ያውቃል።»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዘሩ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ወፍጮው ይጮሃል። ይጮሃል። ከዚያ ድምፁ ወርዶ ወርዶ ቆመ። ዘሩ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ መስመር ብቅ ብሎ ይሞላ ጀመር፤ ከሥሩ እንዳታጠፋ የሚል ተጽፏል።

ከቆርቆሮው ማዶ ሴቶች ከንፈር መጠጡ። «ደግሞ ማን ይሆን?» አለች አንዷ። ተሸካሚዎቹ ትንሽ ለማረፍ ቃሬዛውን ደጃፉ ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማ። ቀጥሎ የአያ ወልደ ሥላሴ ድምፅ መጣ።

«ሃይለ ሚካኤል፣ እንደምን ሰነበትህ?»

አንዲት ሴት ጮኸች። ቁና ወድቆ ተንከባለለ።

«በስመ አብ! አያ! ሙተው መስሎኝ ኮፍያዬን አውልቄ!»

«ልበሰው፣ ብርድ ነው። እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል።»

መስመሩ ሩብ ደረሰ።

«እግዜር ይማርዎ፣ አያ። እንግዲህ ልግባ፣ ሰዎቹ…»

«ቤተሰቡ ደኅና?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ታላቁ ልጅህ?»

«ደኅና ነው።»

«ታናሹስ? በቅሎዪቱስ?»

«በቅሎዪቱንማ ሸጥኋት።»

«ለማን?»

መስመሩ ግማሹ ላይ ቆመ። ሙሐመድአሚን እንዲህ ዓይነት ነገር አልነገረውም። በማዶ የሃይለ ሚካኤል እግር ወደ ማብሪያው ሲራመድ ተሰማ።

«ሳልመርቅህ?» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ።

እግሩ ቆመ። የሚመርቅ ሽማግሌ ትቶ የገባ ሰው በቡሬ እስከዚያ ዕለት አልተመዘገበም።

«ድንጋይህ አይሰንጠቅ።»

«አሜን።»

«ቀበቶህ አይበጠስ።»

«አሜን።»

መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሰልፈኛህ አይጉደል። ሰልፈኛውም ትዕግሥት አይጉደለው።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹም፣ ሳይወዱ።

«ሥራህ ከጎረቤትህ ሥራ ጋራ ይስማማ።»

እዚህ ላይ አሜኑ ዘገየ። ከዘገየም በኋላ የመጣው ከሴቶቹ ብቻ ነው።

መስመሩ ሞልቶ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ዘሩ ዊንዶውስ ሳይቀድመው ወደ ቅንብሩ ገባ። ሁሉም እንደተባለው ወደ ፋብሪካው ልማድ ተመልሷል፤ ሬይድ የሚለው ጠፍቷል። አበራው፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አስነሣው። የሁለቱ ዲስኮች ስም አንዱ ካንዱ ሥር ተጻፈ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ድራይቨሩን መጫን ጀመረ።

«አንተ ዘሩ!» አለ ቆርቆሮው በሃይለ ሚካኤል ድምፅ። «ሽማግሌ በቁማቸው ታስቀብራለህ?»

«ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነው!»

«ታዲያ ምነው ወዳንተ ቤት ዞሩ?»

ቃሬዛው በእርግጥም በፎቶ ቤቱ በር እየገባ ነበር፤ እታለም ከኋላ ናቸው። «አስቀድሜ ሠርግ አለብኝ» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ ጋቢውን ከፊታቸው ገልጠው። ሃይለ ሚካኤል በሩ ድረስ መጥቶ አየ። ሴቶቹ ጠሩት፤ ሄደ።

ድራይቨሩ ተጭኖ ኮምፒዩተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሣ። ዘሩ የውዳሴን ሠርግ ከፈተ።

«መብሉን ዝለለው» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። «ጭፈራውንም። መኪናው ላይ አድርሰኝ።»

ነጩ መኪና ከነሪባኑ መጣ። ሚዜዎቹ በሩን ይዘው ቆመዋል። ውዳሴ አንድ እግሯን አስገባች፤ ከዚያ ቆም ብላ ወደ ቤቱ ዞረች። ዘሩ ሲቀርጽ ፊቷን ብቻ ነበር የያዘው፤ የምታየውን አልያዘም።

ይኼኔ ወፍጮው ተነሣ። አምፖሉ ደበዘዘ፣ ስክሪኑ ተርገበገበ። የዘሩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሥዕሉ ግን አልቆመም። ውዳሴ እንደዞረች ናት፤ ሚዜው ክንዷን ነካ አደረጋት፤ አሁንም አልገባችም።

«ወዴት ነው የምታይ?» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ።

«ወደ ጓሮ ነዋ» አሉ እታለም።

ተሸካሚዎቹ ጣራ ጣራውን አዩ። ስክሪኑ ላይ የመኪናው በር ተዘጋ።

«መልሰው» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። ዘሩ መለሰው። ማዶ አዲስ ኩንታል ተገለበጠ፤ ዲስኮቹ አልተነቃነቁም።

«አያ፣ ጤና ጣቢያው ለምሳ ይዘጋል» አለ ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ።

«ይዝጋ» አሉ። «መልሰው።»