ፋራ ያለችው ማንን ነው?

የተነሣሁ ዕለት ማታ እናቴ በር ላይ አቅፋ አልለቅ አለችኝና "ልጄ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ ማንንም አትመኚ" አለችኝ። ቤሩት ገብቼም ምክሯን አጥብቄ ያዝኩ፤ እንዲያውም ሳላበዛው አልቀረሁም።

የምሠራው ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። ማዳሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት። የአገራችን ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል፤ የዚህ ክረምት ግን እርጥብ ነው፣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በሱ ይሁን በሌላ፣ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ መጭመቅ አቃተኝ። እዚህ የታመመች ሠራተኛ መድኃኒቷ የአውሮፕላን ቲኬት ነው ይባላል፤ ወንድሞቼን የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ማዳም ስትመጣ ጓንት አጠልቃለሁ።

አንድ ቀን ሰላጣ ስከትፍ፣ ማዳም በስልክ "ፋራ" ስትል ሰማኋት። ዐረብኛዬ ገና የወጥ ቤት ነው፤ "እግሯ አብጧል፣ ተለውጣለች" ማለቷ ግን ገባኝ። ደግማ "ፋራ!" ደሜ ፈላ። ይህን የአዲስ አበባ ስድብ ማን አስተማራት? ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ መሆን አለባት። እኔን የመርካቶዋን ልጅ ፋራ!

"ማዳም፣ ፋራ ያልሽው እኔን ነው?"

"አንቺን? ምን ነካሽ? ፋራ እኮ አይጥ ናት! የላብራቶሪ አይጥ።"

ነገሩ ቢያስቅም አልሳቅሁም። አይጦቹ ላይ የመገጣጠሚያ በሽታ አምጥተው ያጠናሉ አሉ። ዐረብኛው ሲያቅተኝ በእንግሊዝኛና በእጅ ምልክት እያገዘች አስረዳችኝ።

"ሰውነት ውስጥ ዐስከር አለ፣ ያኒ ወታደር፤ ከበሽታ የሚጠብቅ። አንዳንዴ ጠባዩ ይለወጥና የገዛ ቤቱን ይበላል። አይጦቹ ላይ እንዳየነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደገና ተለውጦ ያፈረሰውን ይጠግናል።"

"በሰውስ?"

"በሰው ገና እያጠናን ነው።" ዓይኗ ጓንቴ ላይ አረፈ። "እስቲ አውልቂው።"

"ለንጽሕና ነው፣ ማዳም።"

"ያላ፣ አውልቂ!"

ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገቻቸው። አልጮኽኩም።

"ነገ ደምሽን እናስመረምራለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እናያለን። ኸላስ፣ በቃ።"

ይቺ "እናያለን" የምትባል ነገር አልጣመችኝም። ለአይጦቿም የምትላቸው ይህንኑ ይሆናል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋን ስሰማ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

"ያ አበጠ ያልኩሽን ጣቴን ማዳሜ ልታስመረምርልኝ ነው፣ እማዬ።"

"ተመስገን! ደግ ሴት ናት ማለት ነው?"

ያበጡ ጣቶቼን አየኋቸው። እንዲህ ያደረጉኝ የገዛ ጠባቂዎቼ ናቸው።

"እስካሁን ደግ ናት" አልኳት።