ዕጣ የደረሰኝ ደሴት

የእስር ክፍሉ ደጃፍ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። የሴት ነጠላ ጫማዎች፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ፣ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ፖሊሷ «አውልቂና ግቢ» አለችኝ። በሩ ሲከፈት የላብ፣ የሳሙናና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ውስጥ ያሉት ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ አወጡልኝ፤ ቦታዬ ከአንድ የተማሪ ወንበር አይሰፋም ነበር። ያን ዕለት ምሽት የጂኦግራፊ የቤት ሥራዬን ክፍል ውስጥ ማቅረብ ነበረብኝ። የያዙኝም በእሱ ነው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቀን ቀን በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ ሲመሽ እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስያዝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የጻፈውን ደጋግሞ ያነባል፣ አንድ ስህተት ካገኘበት ምግብ አይወርድለትም። እኔ እንደዚያ ነኝ፤ ሰው ይሰለቸኛል።

የጂኦግራፊ መምህራችን በዕድሜ ከአብዛኞቻችን ያንስ ነበር። ትልልቆቹን ሴቶች «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራን። ለማጠቃለያ ሥራ የቦታዎችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ኮፍያው ውስጥ ከትቶ፣ ዕጣ አስወጣን። አጠገቤ የሚቀመጠው የታክሲ ሾፌር ኬንያ ደረሰውና እፎይ አለ። ለእኔ ታይዋን ወጣችልኝ።

«እትዬ፣ ይቺ ታስቸግርዎታለች» አለኝ መምህሩ። «መጽሐፋችን ውስጥ የለችም። አገር ናት፣ አይደለችም የሚለውም ገና ያጨቃጭቃል። ይመልሱና ሌላ ያውጡ።»

«ዕጣ አይቀየርም» አልኩት።

ይህን ልብ በሉልኝ። ይቀይሩ ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ደብተሬን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ መልክዓ ምድር፣ ሕዝብ፣ መንግሥት። ካርታውን በእጄ ሳልኩ። ደሴቲቱ ቅጠል ትመስላለች፤ ምሥራቋ ተራራ፣ ምዕራቧ ሜዳ ነው። ከቻይና የሚለያትን የባሕር ሰርጥ በሰማያዊ እርሳስ ቀባሁት፣ የነፋሱን አቅጣጫ በቀስት አመለከትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። የተከራየሁበትን ግቢ ቤት ለቤት ሲፈትሹ የእኔም ክፍል ተራው ደረሰ። መሣሪያ ነው የምንፈልገው አሉ። ፍራሼን ገለበጡ፣ የበርበሬ ጣሳዬን ከፍተው አሸተቱ፣ ከዚያ ደብተሬን ገለጡ።

«ይሄ የምን ካርታ ነው?» አለኝ አንዱ።

«የታይዋን።»

«የማን ናት?»

«አከራካሪው እሱ ነው» አልኩት።

እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ግን እውነቱ ያ ነበር።

መርማሪው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ሲያስጠራኝ ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ነበር። ከመምህሬ በፊት እሱ አረመልኝ።

«ቀስቶቹ ምንድን ናቸው? ጦር የሚገባበት ነው?»

«ነፋስ ነው። ከባሕር የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ አለባቸው።»

«ነፋስ» አለና ጻፈ። ገጹን ገለጠ። «‹በተራራው ላይ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ዘር ነው።› ነባር የምትዪው ማንን ነው? መጤ የምትዪውስ?»

«መጤ የሚል ቃል አልጻፍኩም።»

«ልትዪ የፈለግሽው ግን እሱን ነው።»

«ልል የፈለግኩትን ጽፌዋለሁ። እዚያው አለ።»

መንግሥት የሚለው ክፍል ጋ ሲደርስ ቀዩ መስመር ድርብ ሆኖ ነበር። የመንግሥታቸው ሥልጣን ለአምስት አካላት እንደተከፈለ ጽፌያለሁ። ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኝነቱ እንደ ሌላው አገር ነው፤ ከዚያ ለመንግሥት ሥራ የሚገባውን ሰው የሚፈትን አንድ፣ ባለሥልጣኑን የሚቆጣጠር ደግሞ አንድ አላቸው። ብዙ ዓመት በወታደራዊ አዋጅ ሥር እንደኖሩም ጽፌያለሁ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ታሰረ፣ ኋላ አዋጁ ተነሣ፣ መሪያቸውንም በቀጥታ ለመምረጥ በቁ።

«ይሄን የጻፍሽው ስለ ታይዋን ነው?»

«አዎ።»

«ስለ እኛ አይደለም?»

«እንደዚያ የመሰለው ለእርስዎ ነው።»

እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተ። ይህን ዛሬ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ተቀምጬ ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ከእኛ በስንት ባሕር የራቁ፣ የራሳቸው ተራራ፣ የራሳቸው ሙታን ያሏቸው ሰዎች ናቸው። እሱ ግን ከእነሱ ታሪክ ውስጥ የራሱን ወንበር ብቻ ነው ያየው።

ክፍላችን ውስጥ ካቦ የምንላት፣ የመኝታና የውሃ ተራ የምታወጣ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። የፈለጉት ልጇን ነበር፤ እሱን ሲያጡት እሷን ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁላችንንም አድክሞን ሳለ ወደ እኔ ዞረች።

«ተማሪ! አንቺ በምን ገባሽ?»

«በቤት ሥራ።» ነገርኳት።

«ኧረ ሴቶች፣ ስሙ! እኛ በልጅ፣ በባል፣ በወንድም ገባን፤ እሷ በደሴት ገባች!» ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጠባቂዋ በሩን በዱላ መታች። ካቦዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በይ እንግዲህ፣ አሳዪን።»

ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ ሳልኩላቸው። ቶሎ ቶሎ ስለሚደርቅ ምሥራቁን ስጨርስ ምዕራቡ ይጠፋል።

«ዙሪያዋን ባሕር ከሆነ፣ ሲከፋቸው ወዴት ይሸሻሉ?» አለች ካቦዋ።

«ወደ ተራራው። ጫፉ ላይ በረዶ ይጥላል።»

«እሱም መሸሻ ሆኖ ነው?»

ሴት እንደመራቻቸው ነገርኳቸው።

«ባል አላት?»

«እሱን አልጻፍኩም።»

«ዋናውን ትተሽ ምን ልትጽፊ ሄድሽ!»

እንደገና ሳቁ። ከዚያ በአዋጁ ዘመን ሰዎችን ከደሴቲቱ በስተምሥራቅ ባለች ሌላ ትንሽ ደሴት ያስሯቸው እንደነበር ነገርኳቸው።

«ከዚያስ?» አለች ካቦዋ።

«የተገደሉ አሉ። የተረፉት ተፈቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥት ስለ በደሉ ይቅርታ ጠየቀ።»

«መንግሥት?»

«አዎ።»

ይህኛው አላሳቃቸውም። ካቦዋ ውሃው የደረቀበትን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳበሰችው። ያቀረብኩት የቤት ሥራ ያ ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ስኳር የበዛበት ሻይ አስመጣልኝ። ከዚያ በኮምፒውተር የተጻፈ ሁለት ገጽና የጣት ቀለም ከፊቴ አስቀመጠ።

«ቃልሽ ነው። ጣትሽን አሳርፊና ሂጂ። ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ።»

«ፊርማ አለኝ።»

«እሺ፣ ፈርሚ።»

«ላንብበው።»

«ያልሽውን ነው የጻፍነው። ምን ያስነብብሻል?»

«ያልኩትን ከሆነማ ቶሎ እጨርሳለሁ።»

ቶሎ አልጨረስኩም። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው፤ እሱ ሰዓቱን ያያል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ፣ ሰፈሬና ሥራዬ በትክክል ተጽፈዋል። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ እንዲህ ይላል፤ «ጽሑፉንና ካርታውን ያዘጋጀሁት መምህሬ ሆን ብሎ መርጦ በሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት ሲሆን፣ ዓላማውም የአገራችንን ሁኔታ በደሴቲቱ አስመስሎ በማቅረብ ተማሪዎችን ለማነሣሣት ነው።»

ጥሩ አማርኛ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ስሜ ከሥሩ ቢያርፍ እኔ ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ፣ ያን መምህር ከሰሌዳው ፊት ያነሡታል። ለስንት ዓመት እንደሚወስዱት ማን ያውቃል? ያጠፋው ነገር ቢኖር የተጠቀለለ ወረቀት ኮፍያው ውስጥ መክተቱ ነው።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩት። ማተሚያ ቤት እንደምናደርገው እርማቱን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፤ «በዕጣ የደረሰኝ ነው። መምህሩ ይቀይሩ ብሎኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ታይዋን የጻፍኩት ስለ ታይዋን ነው።» ከእርማቱ ሥር ፈረምኩ።

«ወረቀቱን አበላሸሽው» አለ።

«አረምኩት።»

ቀደደውና ሌላ አትሞ መጣ። አሁንም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ አነበብኩ፤ ያችኑ ዓረፍተ ነገር አገኘኋት፣ ሰረዝኳት፣ ያንኑ ጻፍኩ። ያ ዝቅ ያለ ድምፁ ያን ጊዜ ከፍ አለ።

«አንቺ ሴትዮ! ለሌላ ሰው ብለሽ እዚህ ልትበሰብሺ ነው?»

«ስሜን መጻፍ የቻልኩት በስንት ዓመቴ ነው፤ ውሸት ላይ አላኖረውም።»

ሦስተኛ ወረቀት አላመጣም። ሻዩን ግን ሳልጨርሰው አስነሣው።

ክፍል ስመለስ ሴቶቹ ተንሰራፍተው ተቀምጠዋል።

«ምነው ተማሪ!» አለች ካቦዋ። «ትለቀቃለች ብለን ቦታሽን ተካፈልነው እኮ!»

«መልሱልኛ።»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«አንድ መስመር ሰረዝኩ።»

ካቦዋ ተነሥታ ከራሷ ቦታ ከፈለችልኝ።

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። መስከረም ላይ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ፣ «ዕቃሽን ያዢ» ብለው ለቀቁኝ። ደብተሬን ስጠይቅ «ኤግዚቢት ነው» አሉኝ። የየትኛው ወንጀል ኤግዚቢት እንደሆነ የነገረኝ የለም። መምህሩን ግማሽ ቀን ጠይቀው፣ የሚይዙበት ወረቀት አጥተው እንደመለሱት ከወጣሁ በኋላ ሰማሁ። ዛሬም እዚያው ያስተምራል።

አሁን የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ ዴ ሞይን ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። ከምሄድበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሬድመንድ ከተማ የሚሠራ አንድ ወንድም አለ፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፑን ዘርግቶ የጥገኝነት ፎርም በነፃ ይሞላልናል። ባለፈው እሑድ የእኔ ተራ ነበር። ታሪኬን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ሶ፣ እህቴ፣ ስቶሪሽ ልብ ይነካል፣ ግን ዊክ ነው። በቤት ሥራ ታሰርኩ ስትዪው ጃጁ፣ ዳኛው፣ ምን ይገባዋል? እዚህ ጋ ፓርቲ ይጠይቃል።»

«አባል አልነበርኩም።»

«ኦኬ፣ እንዲህ እናድርገው። መምህርሽ የፓርቲ ሰው ነበር፤ እሱ ነው ሪክሩት አድርጎ ያስገባሽ፣ ጽሑፉንም ያዘዘሽ እሱ ነው። ሴንስ ይሰጣል። ሰውዬው እንደሆነ እዚያ ነው፣ ማን ይነግርበታል?»

ጣቶቹ መጻፍ ጀምረው ነበር። ያችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስትጻፍ አየኋት።

ይህ ሰው ክፉ አይደለም። የእረፍት ቀኑን ለእኛ የሰጠ ሰው ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ አንዱ ሊያስረኝ፣ አንዱ ሊያድነኝ፣ ሁለቱም ያንኑ መምህር አሳልፈሽ ስጪን ይሉኛል።

«አጥፋልኝ ወንድሜ» አልኩት። «እሷን ከዚህ በፊት አንብቤያታለሁ።»

«እህቴ፣ ዲናይ ቢያደርጉሽስ?»

«ያድርጉኝ።»

«ሪስኩ ያንቺ ነው፣ ኦኬ?»

«የእኔ ነው።»

አጠፋትና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። እንግሊዝኛ የምጽፈው ገና በዝግታ ነው። ከኋላዬ ተራ የያዙትን ሰዎች አየና ጠበቀኝ። የየትኛው ድርጅት አባል እንደነበርኩ በሚጠይቀው ቦታ የማንም አልነበርኩም ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደታሰርኩ በሚጠይቀው ቦታ ስለ አንዲት ደሴት መልክዓ ምድር፣ ሕዝብና መንግሥት የትምህርት ቤት ሥራ ሠርቼ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። አንድ ግሥ አስተካከለልኝ፣ ሌላውን አልነካም።

መልሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም፣ ያን ወረቀት ይዞ ማንም የማንንም በር አያንኳኳም።