ለሰማይ የገባነው ውጆ

ትናንት ወልቂጤ፣ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት፣ የእህቴ ልጅ ሰላም በስልኳ አንድ የሰማይ ፎቶ አወረደችልኝ። ሻዬ ሳይበርድ ወረደ። እኔ ግን ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ፤ በድሮው የቡታጅራ ኢንተርኔት ይሆናል።

ያኔ ቡታጅራ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ እየወጣሁ ማስተርሴን እማራለሁ። ጥናቴ በጣም ሩቅ ያሉ የጋላክሲ ክምችቶችን መፈለግ ነበር። ከዚያ ርቀት የሚመጣ ብርሃን መንገድ ላይ እየተለጠጠ ለዓይን የማይታይ ይሆናል፤ ኢንፍራሬድ የሚሉት፣ ቆዳችን እንደ ሙቀት የሚያውቀው ዓይነት። ሰማዩን በዚህ ብርሃን ደጋግማ ያነሳች ሳተላይት ፎቶዎቿ ለማንም ክፍት ነበሩ። አንዱ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ደብዛዛ ነጥቦች አገኘሁ። አማካሪዬ አይተው፣ የካሜራ ጉድፍ ነው፣ እስከ ክረምት ካላረጋገጥሽ ርዕስ ቀይሪ አሉኝ። የሁለት ክረምት ልፋቴ ገደል ሊገባ! እምቢኝ አልኩ።

ማረጋገጫው ለወሬ ቀላል ነው። የዚያኑ የሰማይ ቁራሽ በተለያየ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች መደራረብ። ጉድፍ ከሆነ ይጠፋል፤ ጋላክሲ ከሆነ እዚያው ሆኖ ይጎላል። ግን ፎቶዎቹ ከባድ ናቸው። ከበርበሬ ወፍጮው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት እያስነጠስኩ ስጠብቅ እውልና፣ ማውረዱ ሊያልቅ ሲል መስመሩ ይቆረጣል።

አንድ ቅዳሜ ቸሃ እናቴ ጋ ሄድኩ። ለጎረቤት ወተት አድርሺ አለችኝ። የሴቶቹ ውጆ ነው፤ የአንድ ላም ወተት ለመናጥ ስለማይበቃ ሁሉም በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ዝናብ ባራሰው እንሰት መሃል ቅሉን ይዤ ስሄድ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኛም ቡታጅራ ያለን የክረምት ተማሪ አስተማሪዎች በአንዲት ደካማ መስመር እየተሻማን ማናችንም ምንም አናወርድም።

ተመልሼ ውጆ እንግባ አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ገቡ። በየሳምንቱ ሁሉም ለአንድ ሰው ብቻ ሊያወርድ ተስማማን። ዕጣ ሲወጣ እኔ መጨረሻ ሆንኩ፤ አማካሪዬ ከሰጡኝ ቀን በኋላ። ራሴ ያመጣሁትን ደንብ ደግሞ በምን አፌ አፍርሱልኝ ልበል?

የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ለጀማል፣ ለኬሚስትሪ አስተማሪው ነበር። ሰኞ ጠዋት ባዶ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«እናቶቻችን ውጆ ላይ የወለደች ትቀድም የለ?» አለኝ። «አንቺም ምጥ ላይ ነሽ።»

ያን ሳምንት ሁሉም ለእኔ አወረዱ። ስደርባቸው ነጥቦቹ ጎሉ፤ ብርሃናቸው ተለጥጦ ያመጣው ቅላትም አንድ ዓይነት ነበር፣ ርቀታቸው አንድ ነው ማለት ነው። አማካሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አዩና «እውነት ናቸው» አሉ። እዚያው አለቀስኩ። ጀማል ግን የእኔን የመጨረሻ ተራ ስለወሰደ ሥራው ሳይደርስለት ቀርቶ የተመረቀው በዓመቱ ነው። አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ሰላም ያወረደችልኝ ያችኑ የሰማይ ቁራሽ ነው፤ አዲስ ቴሌስኮፕ አጥርቶ አንስቷታል። ነጥቦቼ ጋላክሲ ጋላክሲ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ሳያቸው ገባኝ፤ እኔ ብቻዬን ያደረግኩት እምቢ ማለቱን ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ እነዚህን ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«በውጆ ነው ያገኘናቸው» አልኳት። «ተራው የጀማል ነበር።»