ዴሳንካ ማዳመጫ አታሟሽም

ዴሳንካ ሃያ ሰባት ዓመት የሬዲዮ አምፖል ስታሟሽ የኖረች ሴት ናት። ኒሽ ከተማ ያለው ፋብሪካ ከመዘጋቱ በፊት፣ አዲሱን አምፖል መደርደሪያ ላይ ሰክታ ለሰዓታት ታበራው ነበር፤ ደካማው እዚያው ይቃጠላል፣ የተረፈው ይሸጣል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ወጥ ቤቷ ውስጥ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ፣ ትሠራለች፤ የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ለመጣ ሁሉ የሚመጥነውን ትመርጥለታለች። አዲስ ማዳመጫ ገዝቶ «ሁለት መቶ ሰዓት ካልተሟሸ አይጣፍጥም» የሚላት ሰው ግን መከራው ነው። «ሸክላ ድስት መሰለህ? የሚሟሸው ያንተ ጆሮ ነው! ስትለምደው ጣፈጠህ፣ በቃ!» ብላ ታባርረዋለች።

ሰሞኑን ግን ሥራዋ ተቀምጦ መነሳት፣ ተነስቶ መቀመጥ ሆኗል። ነገሩ የቲሆሚር ነው፤ የሟች ባሏ ሚዜ፣ አርባ ዓመት የከተማውን ፒያኖ ሲቃኝ የኖረ ሰው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ማዳመጫ ይዞ መጣ። «ቫዮሊኑ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል» አላት። ማዳመጫው ብዙ ኃይል የሚፈልገው ዓይነት ነው፤ የስልክ ጉልበት እንደማይነዳው ነግራው ከራሷ አምፕሊፋየር ጋር አጋጠመችው። ቲሆሚር «ጮኸ እንጂ አልጠራም» አለ። ሌላ ቀየረችለት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ዕቃውን ልትፈትሽ ብላ ቀጭን ፉጨት ለቀቀችበት። ፉጨቱ ከማዳመጫው እያፈተለከ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችውን የእሷን ጆሮ እንኳ ይበሳል። ቲሆሚር ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ራኪያ አረቄውን ቀመሰና፣ «ጀምሪዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

ዴሳንካ ክው አለች። «ገና... ገና አልተሟሸም። መቶ ሰዓት አጫውተውና ተመለስ» አለችው። ቃሉ ከገዛ አፏ መውጣቱን ራሷም አላመነችም።

መቶው አለቀ፤ ሌላ መቶ ጨመረችለት፤ አሁንም ሌላ መቶ። በዚህ መሐል ዓርብ ተቃረበ። ዓርብ ቲሆሚር የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ትልቅ ፒያኖ ይቃኛል፤ ቅዳሜ ውድድር ነው፣ ዳኞች ከየአገሩ ይመጣሉ። ካልነገረችው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊዋረድ ነው። ከነገረችው ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ የማያውቀውን ሰው በገዛ እጇ ባዶ አስቀረችው ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስቴ ስልክ አንስታ ሦስቴ ዘጋች፤ ስትጠብስ የነበረውንም ቃሪያ አሳረረች።

ከሰዓት በኋላ ቲሆሚር ራሱ መጣ። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሦስት መቶ ሰዓት ሞላ» አለ።

«ታዲያ ትንሽ ብትጨምርበት...»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይ እንጂ! ማዳመጫ ይሟሻል ያለሽን ሁሉ ከዚህ ቤት በመጥረጊያ ስታባርሪ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔ ሲሆን መቶ ጨምር፣ መቶ ጨምር! ምን ሰምተሽ ነው?»

«አንተ ያልሰማኸውን» አለች። እንባዋ ቀደማት።

ቲሆሚር ማዳመጫውን አጠለቀ። «የቱ ጋ እንደሚያልቅብኝ አሳዪኝ» አላት።

ፉጨቱን ከቀጭኑ ድምፅ ጀምራ ወደ ወፍራሙ ዝቅ እያደረገች መጣች። ቲሆሚር ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። እሷ ትሰማለች፣ እሱ ይጠብቃል። በስንት ጊዜው ጣቱን አነሳ።

«ስንት ላይ ነው?»

«ሦስት ሺህ ኸርዝ።»

የፒያኖ ሰው ነውና ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከዚያ በላይ ያሉትን የፒያኖ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ።

«ስድስት ቁልፍ» አለ። «ስድስት ቁልፍ በግምት ስቃኝ ነዋ የከረምኩት! በይ ደውዪላቸው፣ የነገውን ሌላ ሰው ይቃኘው።» ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ ያዘው። «ግን ያ ሁሉ ባለፒያኖ፣ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ዴሳንካ ፉጨቱን አጠፋች።

«እኔስ መች ነገርኩህ?» አለችው።